ከግድግዳው ወዲህ

«ሮማን፣ አንቺ ራስሽ ምን ማየት ነው የምትወጂው?»

ሽበሺ ይህን የጠየቀኝ በረንዳችን ላይ፣ በሰው ፊት ነው። የጠየቀኝ ስለ ቴሌቪዥን ነበር፤ ሌላ ነገር አልነበረም። እኔ ግን እስከ ጆሮዬ ጋለኝ፤ የያዝኩትን ብርጭቆ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ በስሜ የጠራኝ ወንድ አልነበረም። ለሰፈሩ ሁሉ «የሩሀማ እናት» ነኝ። ሽበሺም እስከዚያ ቀን ድረስ እንደዚያው ነበር የሚለኝ።

ለምን እንደጨነቀኝ እንዲገባችሁ የግቢያችንን ነገር ልንገራችሁ።

ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር፣ በእትዬ ብርቅዬ ግቢ ውስጥ የምንኖር ሦስት ቤተሰቦች ነን። እትዬ ብርቅዬ አከራያችን ናቸው፤ ትልቁ ቤት የእሳቸው ነው። እኔና ልጄ ሩሀማ ከጎን ባለው ክፍል እንኖራለን፤ እዚያው የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ሽበሺ ከእኛ ጋር ግድግዳ የሚጋራውን ክፍል ተከራይቷል። ሥራው ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ውስጥ ፍሪጅና ማቀዝቀዣ መጠገን ነው። ቴሌቪዥን ሁላችንም አለን፤ ዲሹ ግን አንድ ነው፤ ሪሲቨሩም አንድ ነው፤ የተቀመጠው እኔ ቤት ነው። ከዚያ ሽቦው በመስኮት ወጥቶ ወደ ሁለቱ ቤቶች ይሄዳል። ስለዚህ እኔ የከፈትኩትን ሁሉም ያያል። እኔ ካጠፋሁ ለሁሉም ይጠፋል።

በዚህ የተነሣ ግቢያችን የራሱ ሕግ አለው። በየዓመቱ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ባለው እሑድ፣ ጣቢያዎቹ የአዲሱን ዓመት ፕሮግራም ሲያስተዋውቁ፣ ከቸርች መልስ ሰብሰብ ብለን እንመርጣለን። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ምሽቶች አሉት፤ በምሽቱ የመረጠውን ማንም አያጉረመርምበትም። እትዬ ብርቅዬ ዘወትር መዝሙርና የሲዳምኛ ዜና ነው የሚመርጡት። የማስታወቂያውን ጽሑፍ የምታነብልን ሩሀማ ነበረች። እኔ ፊደል መቁጠር የጀመርኩት በቅርብ ነው፤ አንዱን ቃል ሳልጨርስ ጽሑፉ ሮጦ ያልፈኛል።

ሽበሺን ያወቅሁትም በዲሹ ምክንያት ነው። ክፍሉን በተከራየ ሰሞን አንድ አባ ኮዳ መጥቶ ዲሹ ላይ ዐረፈና አጣመመው። የሐዋሳ ሰው ይህን ወፍ ያውቀዋል፤ ቁመናው የሽማግሌ ነው፣ ክብደቱ የጎረምሳ። ሽበሺ ጣሪያ ላይ ወጣ። እኔ አንድ ዓይኔን ቴሌቪዥኑ ላይ፣ አንድ ዓይኔን እሱ ላይ አድርጌ መስኮቱ ጋ ቆምኩ።

«መጣ?» ይላል ከላይ።

«አልመጣም።»

«አሁንስ?»

«መጣ… ሄደ። ትንሽ ወደ ሐይቁ መልሰው። ኧረ ቀስ በል፣ ትወድቃለህ፣ ቴሌቪዥኑ ይቅር።»

እትዬ ብርቅዬ ከታች ሆነው ስለ ቆርቆሯቸው ይጮኻሉ። ሽበሺ ሲወርድ እጁ ጥላሸት ነበር፤ እየሳቀ «በዚህ ግቢ ለእኔ የፈራልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው» አለ። እኔ ለሁሉም ነገር የምፈራ ሴት ነኝ። ሩሀማ ካሳለች እፈራለሁ፤ መብረቅ ሲያበራ ዲሹን እፈራለሁ። የእኔ ፍርሃት ሰውን ሲያስደስት ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ከዚያ ስሕተቱ መጣ። አንድ ቀን ኳስ ሲተላለፍ ከግድግዳው ወዲያ ትልቅ ጩኸት ሰማሁ። ሰውዬው ኳስ ወዳድ ነው አልኩ በልቤ። የምርጫው እሑድ ሲደርስ ሽበሺ፣ እንግዳ ነኝና የእኔንም ምሽቶች ለሩሀማ እናት ስጡልኝ አለ። እኔም ሳላመነታ ኳስ መረጥኩ። ሩሀማ ዞር ብላ አየችኝ።

ዓመቱን ሙሉ ኳስ አየን። እኔ የዩኒፎርም ቁልፍ እየተከልኩ፣ ዓይኔ እየተከደነ፣ ተንታኞቹ የሚሉትን በቃል አጠና ነበር። ምክንያቱም በማግስቱ ጠዋት ቧንቧው ጋ ሽበሺ ይጠይቀኛል። «የትናንቱን እንዴት አየሽው?» ሲለኝ፣ «አማካዩ ደክሟል፣ መቀየር ነበረበት» እላለሁ። እሱ ራሱን ይነቀንቃል፤ «በረኛውም ያለቦታው ይወጣል» ይለኛል። ጀሪካኑ ሞልቶ ይፈሳል፤ እኛ አናየውም። እትዬ ብርቅዬ አንድ ቀን ከበራቸው ሆነው «ውኃው አለቀ እኮ፤ የእናንተ ኳስ አያልቅም እንዴ?» አሉን። ሁለታችንም አቀረቀርን። ያን ዓመት ጠዋት ጠዋት ነጠላዬን ሳስተካክል መስታወት ማየት ጀምሬ ነበር።

አሁን ሽበሺ ያንን ጥያቄ ወደጠየቀኝ፣ ወደ ቀጣዩ ዓመት የምርጫ እሑድ ልመለስ። ሽበሺ ወሬ ይዞ ነበር የመጣው። የሆቴሉ ባለቤት አርባ ምንጭ ላይ ሌላ ሆቴል ከፍተዋል፤ የጥገናው ኃላፊ ሆነህ ሂድ ብለውታል። መልሱን ለመስቀል ይፈልጉታል። «እንግዲህ የእኔን ምሽቶች ለራሳችሁ ተካፈሉ» አለ። ያኔ ነው ወደ እኔ ዞሮ በስሜ የጠራኝ።

«እኔ… ለሩሀማ የሚሆናትን» አልኩ።

«ሩሀማማ ዩኒቨርሲቲ ልትሄድ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ የጠየቅሁት አንቺን ነው።»

ካውያ ሰክቼ ረሳሁ ብዬ ተነሣሁ። እሑድ ነበር፤ ካውያው ሳጥን ውስጥ ነበር።

ለምን እንደሸሸሁ አውቃለሁ። ባሌ በሞተ በሁለተኛው ዓመት አንድ ደግ ሰው ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር። ሩሀማ ያኔ ትንሽ ልጅ ናት። ከመጋረጃው ጀርባ ሰምታ «ሌላ አባት አልፈልግም» ብላ አለቀሰች። በዚያው ሽማግሌዎቹን አሰናበትኩ፤ ያንን ቃል እንደ መሐላ ይዤ ኖርኩ። አሁን ደግሞ ልጄ ሄዳ ሽበሺም ከሄደ፣ ከግድግዳው ወዲያም ከግድግዳው ወዲህም የሚተነፍስ አይኖርም። ይህን ሳስብ በመርፌ ክር እንኳ ማስገባት አቃተኝ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት የጎልማሶች ትምህርቴን ለመማር ሄድኩ። መምህራችን «እኔ እፈልጋለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ጻፉ አለን። «እኔ ልጄ እንድትማር እፈልጋለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ጥሩ ነው አለኝ፤ አሁን ደግሞ ልጅዎ የሌለችበት አንድ ይጨምሩ አለኝ። እርሳሴን እንደያዝኩ ክፍለ ጊዜው አለቀ።

በእግሬ እየወጣሁ ወደ ቤት ስደርስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ሪሞቱን ሩሀማ ይዛለች ማለት ነው፣ በየመስኮቱ የሚሰማው በአማርኛ የተተረጎመ የፍቅር ድራማ ነበር። በሽበሺ መስኮት አጠገብ ሳልፍ የሰው ድምፅ ሰማሁ።

«ንገሪው እንጂ፣ አንቺ ሴት። ሰውዬው ሻንጣውን ዘግቷል። ምን ትጠብቂያለሽ?»

እንግዳ መጥቶበት መሰለኝ። መጋረጃው ገርበብ ብሏል፤ አየሁት። ብቻውን ነው። ጭኑ ላይ የተፈታ ቬንትሌተር፣ በእጁ ካቻቪቴ፤ ዓይኑ ግን ቴሌቪዥኑ ላይ ተተክሏል። ዓይኖቹ እርጥብ ነበሩ።

በእግሬ ጣቶች እየረገጥኩ ቤቴ ገባሁ።

«ሩሀማ፣ ሽበሺ ድራማ ያያል እንዴ?»

ልጄ ትራሱን አቅፋ መሣቅ ጀመረች። «እማ፣ ሁሉንም ድራማ ያያል። ኳስ ስትከፍቺ ግን ድምፁን ዘግቶ ይተኛል። ልብስ ሳሰጣ በመስኮቱ አየዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺም ትተኛለሽ። ሁለታችሁም ተኝታችሁ የምታዩትን እኔ ለምን ልረብሽ?»

አልሣቅሁም። አጠገቧ ተቀመጥኩና ያንን የድሮ ቃሏን አስታወስኳት። ሽማግሌዎቹን፣ መጋረጃውን፣ ልቅሶዋን። ሩሀማ ግንባሯን ቋጥራ አሰበች።

«እኔ ነኝ እንደዚያ ያልኩት? መቼ?»

«ትንሽ ሆነሽ።»

«እማዬ» አለች፤ እጄን ያዘችው። «ያኔ እኮ ጎመንም አልፈልግም ብዬ ነበር።»

ከዚያ ብድግ አለችና ወደ በሩ ገፋ አደረገችኝ።

የሽበሺን በር አንኳኳሁ። ሲከፍት ካቻቪቴው ገና በእጁ ነበር። ምን ልበል? የመጣልኝን አልኩ።

«ኳስ አትወድም እንዴ?»

አየኝ። «አንቺ ትወጃለሽ ብዬ ነዋ። ምሽቶቼን ስሰጥሽ ኳስ መረጥሽ። የተጫዋቾቹን ስም ጓደኞቼን እየጠየቅሁ ነው ያጠናሁት።»

«ጎል ሲገባ ጮኸህ ነበር እኮ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ያኔ?» አለ፤ ቁልቁል እግሩን አየ። «የፍሪጅ ሞተር እግሬ ላይ ወድቆ ነው።»

መጀመሪያ እሱ ሣቀ። ቀጥሎ እኔ። ደፉ ላይ ቁጭ ብዬ፣ አፌን በነጠላዬ ይዤ፣ እንባዬ እስኪመጣ ሣቅሁ። እትዬ ብርቅዬ መስኮት ከፍተው ማን ሞተ ብለው ጠየቁ። ሽበሺ ማንም አልሞተም አላቸው፤ እሳቸውም፣ እንግዲያው ቀስ በሉ፣ መዝሙር ሊጀምር ነው ብለው ዘጉ። ከዚያ በኋላ ሣቁ አለቀ። ከሐይቁ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ይነፍሳል። ሽበሺ ከጎኔ ደፉ ላይ ተቀመጠ፤ በመካከላችን ካቻቪቴው ብቻ ነበር።

«ያን ቀን የጠየቅኸኝን» አልኩ፣ ሳላየው። «ምን ማየት እንደምወድ አላውቅም። ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ብቻዬን ማየት እንደማልወድ ግን አውቃለሁ። አንተም ከግድግዳው ወዲያ ሆነህ እንድታይ አልፈልግም። ከግድግዳው ወዲህ ሆነህ እንድታይ ነው የምፈልገው።»

ካቻቪቴውን አንሥቶ በእጁ ያገላብጠው ጀመር። አበላሸሁት ብዬ ልነሣ ስል፣ ያን ቀን ጣሪያው ላይ እንዳለው ዓይነት ድምፅ አወጣ።

«መጣ?»

«መጣ» አልኩት።

«አይሄድም?»

«አንተ ካልነካካኸው አይሄድም።»

ለመስቀል ሳምንት ለሆቴሉ ባለቤት አልሄድም ብሎ መልሱን ሰጠ። ወደ ሟቹ ባሌ ታላቅ ወንድም ሽማግሌ ላከ፤ ከሽማግሌዎቹም ፊት ፊት የሄዱት እትዬ ብርቅዬ ነበሩ። ዓመት ሙሉ ውኃዬን ሲያፈስሱ ስላየሁ ምስክር እኔ ነኝ ብለው ተከራከሩልን። ሠርጋችን በጥር፣ በቸርቻችን ሆነ፤ አጭርና ብዙ ሣቅ ያለበት። ሩሀማ ከምትማርበት ከጅማ ፈቃድ ጠይቃ መጣች፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ጨፈረች።

ዘንድሮም ከእንቁጣጣሽ በኋላ በረንዳው ላይ ተሰበሰብን። ያነበብኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ጽሑፉ ሮጦ አመለጠኝ። ሽበሺ በጆሮዬ፣ ግድ የለም፣ ይደግሙታል አለኝ፤ እውነትም ደገሙት፤ ሁለተኛውን ጊዜ የአዲሱን ድራማ ስም እስከ መጨረሻው ፊደል አነበብኩት። እትዬ ብርቅዬ አጨበጨቡ። እኔ ድራማውን መረጥኩ፣ ሽበሺም አብሮኝ መረጠ። የሽበሺን የድሮ ክፍል የተከራየው አብዱልሃሚድ ግን እውነተኛ ኳስ ወዳድ ሆኖ ተገኘ። ሕግ ሕግ ነውና በእሱ ምሽቶች አሁንም ኳስ እናያለን። በእነዚያ ምሽቶች ሁለታችን በአንድ ሶፋ ላይ እንተኛለን።

ሩሀማ የክረምት ዕረፍቷን ጨርሳ በጥቅምት ወደ ጅማ ተመለሰች። ሽበሺ አርባ ምንጭ አልሄደም፤ እዚሁ ቀረ።