የአገርነሽ አዞ

«አዞው የታለ?» አለ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ጓድ አካሉ፣ ጠመንጃውን ከትከሻው እያወረደ።

አገርነሽ የጓሮውን በር በጀርባዋ ደግፋ ቆማለች። አጥሩ ላይ የክፍሏ ልጆች ተንጠላጥለዋል። ቅዳሜ ቀትር ነው፤ ከደንገሉ ባሻገር ሐይቁ ያንቀላፋ ይመስላል። ከአጥሩ በማይታይበት፣ ከፓፓያው ጀርባ፣ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ እሱም ተኝቷል።

ነገሩ የተጀመረው ሰኞ ነው። አባቷ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥሮ ከናዝሬት ከመጡ ገና ሁለት ወራቸው ነበር። ጠዋት ቲማቲሙን ልታጠጣ ወጥታ ያንን ቅርፊታም ጅራት ስታይ ጣሳውን ወርውራ ሮጠች። የአዋሽን አዞ ወሬ እየሰማች ያደገች ልጅ ሌላ ምን ትበል? ክፍል ገብታ «ጓሯችን አዞ አለ!» አለች። እስከዚያ ቀን «መጤዋ» ከማለት በቀር ስሟን ያልጠሩ ልጆች ከበቧት። የክፍሉ አውራ ፀሐይወርቅ እንኳ አጠገቧ ተቀመጠች።

በማግስቱ ጎረቤታቸው እማሆይ ወለተ ሩፋኤል በእሳቸው በኩል ባለው የአጥር ቀዳዳ አጮልቀው አይተውት ሳቁ።

«የምን አዞ! እዚህ ሐይቅ ዳር ስድሳ ዓመት ኖርሁ፤ አንድም ቀን አዞ አላየሁ። ይህ አርጃኖ ነው፣ ልጄ፤ ትልቅ እንሽላሊት በይው። እንቁላልሽን ይሰርቅሽ እንደሆን እንጂ አንቺን አይነካሽም። አይጡንም እባቡንም የሚያጸዳልን እሱ ነው።»

አገርነሽ ሰማች፤ ለክፍሉ ግን አልተናገረችም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የአገርነሽ አዞ ግን እያደር ወፈረ። ረቡዕ ሁለት ሜትር ሆነ፤ ዓርብ ውሻ በላ፤ ወሬውም ቀበሌ ደረሰ። ከትምህርት መልስ ደግሞ ለብቻዋ ቁጭ ብላ እውነተኛውን ታየዋለች። ዓይኑን በቀስታ ይከድናል፤ በቀስታ ይከፍታል። እሷም አብራው ስታንቀላፋ ሐይቁ ቀስ ብሎ ወደ ጓሮው የገባ ይመስላት ነበር። ወዳዋለች።

«አንቺ ልጅ፣ ዞር በይ እንጂ!» አለ ጓድ አካሉ። «ሰው ሳይፈጅ!»

«በለው!» አለ አንዱ ከአጥሩ ላይ።

ፀሐይወርቅ ትክ ብላ ታያታለች። አገርነሽ እውነቱን ከተናገረች ሰኞ ብቻዋን ነው የምትቀመጠው። ዝም ካለች ደግሞ ድንጋዩ ባዶውን ይቀራል።

«አዞ አይደለም።»

«ምን?»

«አርጃኖ ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ አውቅ ነበር። ውሻም አልበላም። ዋሽቼ ነው።»

አካሉ በበሩ አሻግሮ አየ። የባሕር ዳር ልጅ ነውና አንዴ ማየት በቃው። «በዚህ ፀሐይ ለአርጃኖ ነው ያስመጣችሁኝ?» ብሎ ጠመንጃውን መልሶ አንግቶ እያጉረመረመ ሄደ።

አጥሩ በሳቅ ተናወጠ። ፀሐይወርቅም ሳቀች። «አዞዋ! አዞዋ!» እያሉ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ተሰሙ።

አገርነሽ አለቀሰች፤ ትንሽም አይደል። ዕንባዋን ስትጨርስ የዶሮዋን እንቁላል ለቅማ ቅርጫቱን ግድግዳው ላይ ከፍ አድርጋ ሰቀለችው። ድንጋዩን አልነካችም። እሱ አሁንም ተኝቷል።

ሰኞ ጠዋት፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ፀሐይወርቅ ከኋላዋ ተጣራች።

«አዞዋ!»

እግሯ ሊሮጥ ቃጣው። ከዚያ ቆመች። ዓይኗን በቀስታ ከደነች፤ በቀስታ ከፈተች፤ ዞርም አለች።

«አቤት» አለች።