በየጉድጓዱ አንድ ነጥብ

ዶክተሩ የሞተው በቤተ ሙከራው ውስጥ፣ በሩ ሥር ተደፍቶ ነው። ያመለጠ የናይትሮጅን ጋዝ የክፍሉን አየር ገፍቶ ጨርሶበታል፤ በሩም እንደ ልማዱ ተጣብቆ ነበር አሉ። «አደጋ ነው» ብለው ሊያልፉት ሲሉ መርማሪዋ ተጠራች። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ፍሬና ገለባ አይምታታባትማ!

እናቱ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠዋል። «ልጄ፣ እውነቱን ፈልጊልኝ። የቀረኝ አንድ ነው፤ እሱንም ሐዘኑ ሊገድልብኝ ነው» አሏት። አንጀቷን በሉት።

የቀረላቸው አንዱ፣ ከሟቹ ጋር የሚሠራው ታናሽ ወንድም፣ ዓይኑ ቀልቷል። «ጋሼን ደህና ትቼው ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ወድቋል! ማሞቂያው እንደጋለ ነበር፤ ኤሌክትሪኩን አጥፍቼ ለእርዳታ ሮጥኩ።»

«ብዙ ቆየህ?»

«ኧረ ወዲያው ነው የተመለስኩት!»

ረዳታቸው ጠዋቱን ሙሉ ስታስተምር ነበር፤ ክፍል ሙሉ ተማሪ ይመሰክርላታል። ወንፊት ሥራቸውን አስረጂኝ አለቻት።

«ፈሳሽ ክሪስታል ነው፤ ስልክዎ ውስጥም አለ። ቅንጣቶቹ ተሰልፈው ይተኛሉ። በዓይን በማይታይ ጉድጓድ ሲያስገቡት ግን ሰልፉ የግድ አንድ ቦታ ይበጠሳል፤ እሱን ጉድለት እንለዋለን። አግለነው ቀስ ብለን፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ካቀዘቀዝነው ጉድለቱ መሃል ላይ ይረጋል። ድንገት ከቀዘቀዘ እንደፈሰሰ ምስር ይበተናል። እስካሁን ግማሹም አልተሳካልንም።»

ክፍሉ ከተናፈሰ በኋላ ወንፊት ማሞቂያው ላይ የነበረውን ናሙና በማይክሮስኮፑ አየች። በየጉድጓዱ አንድ ጥቁር ነጥብ፣ ልክ መሃል ላይ። ደግማ አየች፤ ከዚያ እናትየውን አሰበች።

እናትየውን፣ ታናሽየውንና ረዳቷን ቤተ ሙከራውን ከሚያሳየው መስታወት ወዲህ፣ የማሞቂያው መቆጣጠሪያ ጋ ሰበሰበቻቸው።

«የጋለው ድንገት ቢጠፋ ኖሮ ነጥቦቹ ተበትነው ባገኘኋቸው» አለች። «አንድ ሰው ግን እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድ ሰዓት ሙሉ ቁልፉን ቀስ እያለ አዙሯል። የጋዙም መክፈቻ እዚሁ ነው። ረዳታችሁ ተማሪዎቿ ፊት ነበረች። ‹እንደጋለ አጠፋሁት› ያልከው አንተ ነህ። ለወንድምህ አልሳሳህም፤ ለናሙናው ሳሳህ።»

ታናሽየው አልካደም። «ዘዴው የኔ ነበር። ስሙ ግን የጋሼ ብቻ ሆነ። በሩን ቆለፍኩና ... እጄ ለምዷል፣ ማዞር ጀመርኩ። ቀና ካልኩ ይበላሻል ብዬ ቀና አላልኩም።»

«መስታወቱን ሲደበድብ እየሰማህ?» አሉ እናቱ።

«እየሰማሁ፣ እማዬ።» ከዚያ ደግሞ፣ ለራሱ እንደሚናገር፣ «ተሳካልን እኮ» አለ።

እናትየው ወደ ወንፊት ዞሩ። «ምነው ልጄ፣ ባላገኘሽው!»

ሬሳውን በአንዱ በር፣ ታናሹን በካቴና በሌላው በር አወጧቸው። እናትየው የቱን እንደሚከተሉ ጠፍቷቸው እዚያው ቁጭ አሉ።