ከጣሪያው ሥር የጎደለችው

ሄስተር ፕሮበርት መሰላሉን ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ አንስታ ሣሩ ላይ ያጋደመችው በቅን ልቦና ነበር። ባለፈው ወር ሌቦች የጎረቤት መንደሩን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የእርሳስ ብረት ክዳን ገፈው ወስደዋል፤ አሁን ደግሞ አንድ የማታውቀው ሰው የራሷ መንደር የወርምኮት ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ በደረቱ ተኝቶ ወደ ታች አጎንብሷል።

«እዚያው ቆይ። ፖሊስ ተጠርቷል» አለችው። አልተጠራም ነበር።

«እህቴ፣ ሌባ ብሆን በጠራራ ፀሐይ እመጣ ነበር?»

«ደፋር ሌባ ይመጣል።»

«ደፋር ብሆንማ ዘልዬ በወረድኩ። ኔድ ሃላም እባላለሁ፤ ከጣሪያው ሥር ያሉትን የድንጋይ ቅርጾች ልመዘግብ ነው የመጣሁት። ቄሱን ጠይቂያቸው።»

ቄሱ እውነት ነው አሉ። ሄስተር መሰላሉን መልሳ ስታቆም እስከ ጆሮዋ ቀልታ ነበር። በማግስቱ የቤተ ክርስቲያኑን በር ልትከፍት ስትመጣ ዳቦ፣ አይብና አንድ ጠርሙስ የፖም ጠጅ ደጁ ላይ አኖረችለት።

ከጣሪያው ሥር ሰባ አምስት የቅርጽ ቦታዎች አሉ። የዛሬ ስምንት መቶ ዓመት የቀረጿቸው ሰዎች ምን ማለታቸው እንደነበር የሚያውቅ የለም። ምላሱን ያወጣ ሰው አለ፤ በገና የምትደረድር አሳማ አለች።

«እነዚያ ሁለቱ ምን እያደረጉ ይመስልሻል?» አላት ኔድ በሦስተኛው ቀን።

«እየታገሉ ነው።»

«ለእኔ የተቃቀፉ ይመስለኛል።»

«ላላገባ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል።»

«ላገባስ?»

«ያገባማ ትግል መሆኑን ያውቃል፤ አክስቴ ናት እንደዚያ የምትለው።»

ኔድ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ በአሳማዋና ምላሱን ባወጣው ሰው መካከል ወዳለው ባዶ ቦታ ጠቆመ። ድንጋዩ እዚያ ላይ በመሮ ተቆርጧል።

«የአንዲት ሴት ቅርጽ ነበረች። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ነውር ናት ብለው የባላባቱ ሚስት አስፈረሷት። መዶሻውን የያዘው ፕሮበርት የሚባል ግንበኛ ነው። ዘመድሽ ይሆን?»

«የመንደሩ ግማሽ ፕሮበርት ነው» አለች ሄስተር። እውነት ነበር፤ መልስ ግን አልነበረም። «ብትገኝስ?»

«ብትገኝማ ስሜ ከእሷ ጋር ሲነሳ ይኖራል። ሙዚየሞቹም ይሻሙባታል።»

ሄስተር ዓይኗን ወደ ጫማዋ መለሰች።

የድንጋይዋ ሴት እነ ሄስተር ቤት ነበረች። ግንበኛው ሊያፈርሳት ልቡ ስላልጨከነ ወተት ቤቱ ግድግዳ ውስጥ፣ ከአይብ መደርደሪያው ጀርባ ደብቆ ገነባት። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ሴቶች ምጥ ሲይዛቸው ጉልበቷን ይዳብሳሉ። ወንድ የሚያያት ከቤቱ ሴት ልጅ ጋር በሚጋባበት ዕለት ጠዋት ብቻ ነው።

«ያ የመሰላሉ ልጅ አርብ ይሄዳል አሉ» አለች ሄስተርን ያሳደገቻት አክስት ዊኒ፣ ዓይኗን ከሹራብ ሥራዋ ሳታነሳ።

«ይሄዳል።»

«አይብ ስታመላልሺለት ሳምንትሽ።»

«እንግዳ ነው እኮ፣ አክስቴ።»

«እንግዳማ ነው። እሷን ካሳየሽው ግን አገባሃለሁ አልሽው ማለት ነው። ይዟት ወደ ጋዜጣ ቢሮጥስ?»



ሐሙስ ከሰዓት ኔድ ዕቃውን ሲሸክፍ አገኘችው። «ና» አለችው። ቤቷ ወስዳ ወተት ቤቱ አስገባችውና መደርደሪያውን ወደ ጎን ገፋች።

ሴትየዋ እግሮቿን ከፍታ፣ ዓይኖቿን አፍጥጣ፣ ያለ እፍረት ቁጭ ብላለች። ኔድ ኮፍያውን አወለቀ። ጠጋ ብሎ አጎነበሰ።

«ጉልበቷ ለምን እንዲህ ተፍቆ አለቀ?»

«በእጅ ነው። በእናቴ እጅ፣ በአያቴ እጅ።»

«እየሳቀች ነው ወይስ እያማጠች?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ እጠይቃታለሁ። አልነገረችኝም።»

እጁ ወደ ማስታወሻ ደብተሩ ሄደና ሳይደርስ ቆመ። «እዚህ የገባ ወንድ አለ?»

«አባቴ። ከእሱ በፊት አያቴ።»

«መቼ?»

ሄስተር አይቦቹን መቁጠር ጀመረች። «በሠርጋቸው ዕለት ጠዋት።»

ኔድ እርሳሱን ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«እንግዲያው መሰላሉን ዳግመኛ አነሳሽብኝ ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ዓይኗን ቀና አድርጋ አየችው፤ ይህን ያህል ረጅም ጊዜ ትክ ብላ አይታው አታውቅም። «መውረድ ትፈልጋለህ?»

«አልፈልግም።»

በዘገባው ላይ፣ ከአሳማዋ ቀጥሎ ባለው ቁጥር ትይዩ «ቦታው ባዶ ነው» ብሎ ጻፈ። እውነት ነበር። ሚያዝያ ላይ ተጋቡ። በዓመቱ ሄስተር ምጥ ሲይዛት፣ መደርደሪያውን የገፋው ኔድ ነው።