ስድስተኛው ሜትር

ግንበኛው አልዓዛር ራሱ በቆፈረው ቦይ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ዕለቱ አርብ፣ ወሩ ኅዳር፣ ዘመኑ 1974 ዓ.ም. ነው። ቦታው ጅማ ውስጥ ወፍጮ ሰፈር የሚሉት፣ በጋ ከክረምት ጭቃው የማይደርቅ ጠባብ መንገድ ዳር ነው።

መቶ አለቃ ገመቹ ሲደርስ ሰፈርተኛው ቦዩን ከቦ ቆሟል። ገመቹ የአሰንዳቦ ገበሬ ልጅ ነው፤ ብዙ አይናገርም፣ ያየውን ግን አይረሳም። ቦዩ ውስጥ ወርዶ ተንበረከከ። የሟቹ ጭንቅላት ከኋላ ተፈንክቷል። ደም የነካው የድንጋይ ጠርዝ አልዓዛር በገዛ እጁ ጠርቦ የደረደረው ነው። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ፣ አዳልጦት ወደቀ ተብሎ ይዘጋ ነበር። ግን አዳልጦት የወደቀ ሰው ዓይኑ ተከድኖ፣ አገጩ በነጭ ጨርቅ ታስሮ፣ በቀኝ ጎኑ ተስተካክሎ፣ ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ አይገኝም።

«ማን ነው የነካው?»

«ማንም!» አለ የጨርቅ ነጋዴው ቲጃኒ። ሱቁ ከቦዩ ፊት ለፊት ነው። «ከሱብሒ ሶላት ስመለስ እንዲሁ እንደተኛ አገኘሁት። ወላሂ፣ ጣቴን አላሳረፍኩበትም።»

«ረቡዕ ዕለት በበረንዳህ ሰበብ አንገት ለአንገት ተናንቃችሁ አልነበር?» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። ቲጃኒን ላብ አጠመቀው።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ወርቅአገኘሁ ገመቹን ወደ ጎን ሳበው። «ጓድ መቶ አለቃ፣ ጣጣው ሁሉ ይሄ መንገድ ነው። መንግሥት ለሰፈር መንገድ ድጎማ ይሰጣል፤ ግን ደንብ አለው። ከአጥር እስከ አጥር ስድስት ሜትር፣ በነዋሪው ጉልበት የተቆፈረ ቦይ፣ የነዋሪው ሁሉ ፊርማ። አንዱ ከጎደለ ድጎማው ለሌላ ሰፈር ያልፋል። ባለሙያው ነገ መጥቶ ይለካል።»

«ይጎድላል?»

«እዚህ ጋ ብቻ። ከወይዘሮ ዙቤይዳ አጥር እስከ ቲጃኒ በረንዳ አምስት ሜትር ነው። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ሜትር ይልቀቁ ተባለ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ እንኳ ዝም ብለን ስድስት ብለን እንጻፍ ብዬ ነበር። አልዓዛር እምቢ አለ። ‹በውሸት የተሠራ መንገድ ለየትናየት መታሰቢያ አይሆናትም› አለኝ።»

የትናየት የአልዓዛር ሚስት ነበረች። ካቻምና ክረምት ምጥ ሲይዛት መኪና መግባት ስላልቻለ በቃሬዛ ወጣች፤ ተሸካሚዎቹ ጭቃው ውስጥ ሁለት ጊዜ ወደቁ፤ አስፋልቱ ጋ ሳይደርሱ እሷም ያልተወለደው ልጅም አለፉ። ከወላይታ መጥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች በቀር ዘመድ ያልነበረው ግንበኛ፣ ከዚያ ወዲህ ከሥራ መልስ አካፋውን ይዞ የየሰዉን ደጅ ሲቆፍር ኖረ።

ከሟቹ ኪስ የነዋሪዎች ፊርማ ያለበት ወረቀት ወጣ። የቲጃኒ ፊርማ ሐሙስ ዕለት ተፈርሟል። ባዶ የቀረው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ የወይዘሮ ዙቤይዳ።

ወይዘሮ ዙቤይዳ ስድሳን ያለፉ፣ ለሰው ሁሉ ደግ የሆኑ ባልቴት ናቸው። ደጃቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አላወጡም።

«አካም ቡልተኒ፣ ሀርሜ?» አላቸው ገመቹ በኦሮምኛ፤ እንዴት አደሩ፣ እናቴ ማለቱ ነው። «ትናንት ሲመሽ ድምፅ አልሰሙም?»

«መግሪብ እየሰገድኩ ነበር፣ ልጄ።»

«ወረቀቱ ላይ ለምን አልፈረሙም?»

«አሮጊት ነኝ። አጥሬን ማን ያጥርልኛል ብዬ ነው።»

«ልጅ የለዎትም?»

«አንድ አለኝ። ኢስሃቅ። በሰባ ዓመተ ምሕረት ሱዳን ገባ።»

«ይጽፋል?»

«አይጽፍም» አሉ። ሲመልሱ የሚያዩት ወደ መንገዱ አልነበረም። አጥሩን ነበር የሚያዩት።

ገመቹም ወደ አጥሩ ሄደ። የሰፈሩ አጥር ሁሉ ቀጥ ብሎ ሲወርድ የእሳቸው ብቻ ወደ መንገዱ ሆዱን ገፍቷል። ሦስቱን ቋሚዎች ነካ ሲያደርጋቸው ተነቃነቁ፤ ተነቅለው የተመለሱ ናቸው። ከሥራቸው ያለው አፈር በእጅ ተደልድሏል፤ የጣት ፈለግ ይታያል። የጅማ አፈር ከላይ ጥቁር፣ ከታች ቀይ መሆኑን የገበሬ ልጅ ያውቃል። ክንዱን አስገብቶ እስከ ክርኑ ማሰው፤ ጥቁርና ቀዩ እስከ ታች ድረስ ተደበላልቋል። እጁን መለሰ። ባርኔጣውን አወለቀና ጥቂት ቆሞ፣ ሲወጣ አብሮት ለመጣው ፖሊስ «እዚህ አካባቢ ማንም አካፋ እንዳያነሳ» አለው።

ከዚያ ቲጃኒ ሱቅ ገብቶ ከሬሳው አገጭ የፈታውን ጨርቅ ባንኮኒው ላይ ዘረጋ። «ይሄ ምንድን ነው?»

ቲጃኒ በጣቱ አሸት አሸት አደረገው። «አቡጀዲ ነው። ውሃ አልነካውም፣ ግን እጥፋቱ ላይ ቢጫ ብሏል፤ ሳጥን ውስጥ የከረመ ነው። እንዲህ ያለውን ሽማግሌዎቻችን ለከፈናቸው ገዝተው ያስቀምጡታል።»

«ከዚህ ሰፈር ማን ገዝቶሃል?»

«ሦስት አራት ሰው። ባህሪያ፣ አባቦራ፣ እማማ ዙቤይዳ…» አለና ቆም አለ። «እማማ እንኳ ሁለት ጊዜ ገዝተውኛል። በስልሳ ዘጠኝ አንዴ፣ በዓመቱ ደግሞ እንደገና። የበፊቱን አይጥ በላው ብለውኝ ነበር።»

ገመቹ ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

ቅዳሜ ጧት ሰፈሩ ሁሉ በመንገዱ ላይ ተሰበሰበ። ባለሙያው የመለኪያ ጥቅልሉን በብብቱ ይዞ ቆሟል። ገመቹ መሀል ገባ።

«አልዓዛርን የገደለው ሰው አይጠላውም ነበር» ብሎ ጀመረ። «ጠላት የሬሳ ዓይን አይከድንም። ገዳዩ አገጩን አሰረ፣ በቀኝ ጎኑ አስተኝቶ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አዞረው። አልዓዛር የወንጌል አማኝ ነው፤ የእምነት ወንድሞቹ እንዲህ አያደርጉም። ሊቀ መንበሩም አያደርግም። ሬሳ ሲያይ እጁ የለመደውን ያደረገ ሙስሊም ነው።»

የሁሉም ዓይን ቲጃኒ ላይ አረፈ።

«ቲጃኒ ሐሙስ ዕለት ፈርሟል» አለ ገመቹ። «በረንዳዬን አፈርሳለሁ ብሎ የፈረመ ሰው ስለ በረንዳው ሰው አይገድልም። ደግሞ ቲጃኒ ቢሆን ኖሮ የሌላ ሰው አጥር መልሶ ለማቆም ምን ያስቸኩለዋል? አልዓዛር ቦዩን ሊጨርስ ሦስት ቋሚ ነቅሎ ነበር። ገዳዩ አጥሩን መለሰ፣ ጉድጓዱንም በጣቱ ደፈነ። አገጩ የታሰረበት ጨርቅ ከከፈን የተቀደደ ነው። ከፈንም ሁለቴ የገዛ ሰው አለ። ሰው ለራሱ አንድ ከፈን ይበቃዋል። የመጀመሪያውን ማን ለበሰው?»

ገመቹ ወደ አጥሩ ዞረ።

«አጥሩ ሥር ያለው አፈር ከዓመታት በፊት የተቆፈረ ነው። ጎረቤቶች እንደነገሩኝ አጥሩም የተገፋው በሰባ ነው። ከዚህ በላይ ያለውን እኔ አልናገርም፤ የእኔ አይደለም።»

ወይዘሮ ዙቤይዳ ከበርጩማቸው ተነሡ። እጃቸውን ከነጠላቸው አወጡት፤ ጥፍሮቻቸው ተሰባብረዋል።

«ኢልመ ኮ… ልጄ ነው» አሉ። «በቀይ ሽብሩ ጊዜ ገድለው እዚሁ ደጄ ላይ ጣሉት። ማንሳት ክልክል፣ ማልቀስ ክልክል ሆነ። ከወደቀበት ሳላርቀው ቆፈርኩለት፤ ጉልበቴ ለዚያ ብቻ ነው የበቃው። አጥሬን ገፍቼ በላዩ አዞርኩበት። እነሱ ሬሳ ሰብሳቢው መኪና የወሰደው መሰላቸው። ለእናንተ ሱዳን ሄደ አልኩ። ጻፈልሽ ወይ ስትሉኝ፣ እሱ እዚህ ተኝቶ፣ አልጻፈም እላለሁ።»

«ለአልዓዛር ለምን አልነገሩትም?» አለ ገመቹ ቀስ ብሎ።

«ፈራሁ። ‹እማማ፣ ግማሽ ሜትር ብቻ፣ ስለ የትናየት ብለው› እያለ ይቆፍር ነበር። አካፋው የልጄን ከፈን አወጣ። ሊያየው ጎንበስ ሲል ገፋሁት፤ ወደ ኋላው ድንጋዩ ላይ ወደቀ። እንዲርቅልኝ ብዬ ነው፣ ወላሂ፣ እንዲርቅልኝ ብቻ።» ወደ ቦዩ ዞሩ። «ብነግረው ኖሮ አካፋውን ራሱ ይጥለው ነበር። ሚስት የቀበረ ሰው አይደል? እኔን የሚገድለኝ ይሄ ነው።»

ሴቶቹ አለቀሱ። አራት ዓመት የታፈነ ልቅሶ ነበርና ማንም ሊያስቆመው አልቻለም። ያኔ እዚሁ ቀበሌ ጠመንጃ ይዞ ሲዞር የነበረው ሊቀ መንበሩ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ፣ «እንግዲህ… አጥንቱ ካልወጣ ስድስት ሜትሩ አይሞላም» አለ።

«ይሞላል!» ብሎ ጮኸ ቲጃኒ። «አንድ ሜትሩን ሙሉ ከእኔ ውሰዱ። በረንዳው ብቻ አይደለም፤ የሱቄም ግንባር ይፍረስ! የእማማን አጥር ማንም አይነካም።»

ሁሉም ወደ ባለሙያው ዞሩ። ባለሙያው ጉሮሮውን ጠረገ። «ከየትኛው ወገን እንደመጣ አይመለከተኝም። እኔ የምለካው ስድስት መሆኑን ነው» አለ። ገመቹም ሊቀ መንበሩን እያየ፣ «የእኔም መዝገብ የአልዓዛርን ሞት እንጂ ሌላ አያውቅም» አለ።

ሊወስዷቸው ሲነሡ ወይዘሮ ዙቤይዳ ወረቀቱን ጠየቁ። «ሦስት ጊዜ ለምኖኝ እምቢ ብዬዋለሁ።» ቀለም መጣላቸው። የተሰባበረ ጥፍር ያለበትን አውራ ጣታቸውን ባዶው መስመር ላይ አሳረፉ። መኪናው መግባት ስላልቻለ እስከ አስፋልቱ ድረስ ጭቃውን በእግራቸው ሄዱ። ገመቹ ክንዳቸውን ይዞ ነበር።

በግንቦት እስር ቤት ሄዶ ጠየቃቸው። ከስተዋል። ስለ ፍርዳቸውም ስለ ቤታቸውም አላነሡም።

«መኪና ገባ?» አሉት።

«ገባ፣ ሀርሜ። ባለፈው ማክሰኞ ምጥ የያዛትን ልጅ ከደጇ አንሥቶ ወሰደ።»

«ወለደች?»

«በሰላም ተገላገለች። ወንድ ልጅ።»

ወይዘሮ ዙቤይዳ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «ለአልዓዛር ስለቀደድኩለት ከፈኔ አንድ ስንዝር አጥሯል» አሉ በመጨረሻ። «ለቲጃኒ ንገረው፤ ሌላ አልገዛም። ያው ይበቃኛል።»