የሚንፈራገጠው መሪ

መሪው በእጇ ውስጥ ድንገት ሲንፈራገጥ ፈህሚያ እሳት እንደነካች ሁሉ ሁለቱንም እጆቿን ሰበሰበች። ኮምፒዩተሩ ላይ ቀይዋ መኪና አጥር ጥሳ ሣር ውስጥ ገባች። መሪው ግን ማንም ሳይነካው በራሱ ወዲያና ወዲህ እየተወራጨ ጠረጴዛውን አንቀጠቀጠው።

«ምነው ለቀቅሽው ልጄ?» አለ አላምረው። አሮጌ ኮምፒዩተርና ዕቃዎቹን የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ከፒያሳ ካፌዎች ጀርባ ናት። «አይነክስም እኮ።»

ወንድሟ ቡሽራ ሳቀ። ፈህሚያም አብራ ሳቀች፤ እጆቿን ግን ሻርፗ ሥር ደብቃ ነበር።

ቡሽራ ማራኪ ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ፊት ለፊት፣ ጌም ቤት ከከፈተ ዓመት ሊሞላው ነው። የቤቱ ጉድ ደግሞ ይህች ዘጠነኛ ክፍል የምትማር እህቱ ናት። በኪቦርድ መኪና ስትነዳ የሚቀድማት አልተገኘም። ሦስተኛ ዓመት ኢንጂነሪንግ ነን እያሉ ደረታቸውን የሚነፉት ሳይቀሩ ከኋላዋ አቧራ ሲቅሙ ከርመዋል። መሸነፍ ሲያንገበግባቸው «ኪቦርድ የሕፃን ጨዋታ ነው፤ ወንድ ከሆናችሁ መሪ አምጡ» አሉ። ለማን እንደሚሉ እንኳን አላስተዋሉም። ቡሽራም እልህ ያዘውና ለቅዳሜ ውድድር ጠራ። ዛሬ እህቱን ይዟት የመጣው የምትነዳው እሷ ስለሆነች የምትመርጠውም እሷ ትሁን ብሎ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት መሪ ነበር። አንደኛው ውስጡ ስፕሪንግ ብቻ ነው፤ ሲያዞሩት ይዞራል፣ ሲለቁት ዝም ብሎ ይመለሳል። ሁለተኛው የራሱ ሞተር አለው። አላምረው ሸጋ በቅሎ እንደሚያሻሽጥ ሰው እየዳበሰ አስረድቷቸዋል፦ ኮረት ላይ ሲወጡ ይርገበገባል፣ ኩርባ ላይ ይከብዳል፣ ጎማው ሲንሸራተት ደግሞ ቀለል ብሎ ይነግርሃል። የመንገዱን ነገር አይደብቅም አለ።

ፈህሚያን ያስፈራትም እሱው ነው።

ባለፈው ክረምት ከአባቷ ከኢልያስ ጋር ወደ ዛሪማ ገበያ ሲወርዱ፣ የሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ የፒክአፑ መሪ ልክ እንደዚህ መንፈራገጥ ጀምሮ ነበር። የአባቷ እጆች ከመሪው ጋር አብረው ይዘሉ ነበር። በግራ በኩል ከጉም በስተቀር ምንም አይታይም። ኋላ መኪናዋ ወደ ተራራው በኩል ዞራ ቦይ ውስጥ ተሰንቅራ ቆመች። የተጫረ እንኳን አልነበረም። አባቷ ጎንደር እንደተመለሰ ነገሩን ቀልድ አደረገው፤ «እኛ ተርፈናል፣ ኮፍያዬ ግን በመስኮት ወጥታ ሊማሊሞ ላይ ኑሮ መሥርታለች» እያለ ሰፈሩን ሁሉ አሳቀ። እሷም ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ ከፒያሳ ማራኪ በእግሯ ነው የምትሄደው። እናቷም ጎረቤቱም ልጅቷ ስፖርት ወደደች ብለው አመሰገኗት። ኪቦርድ ደግሞ አይንቀጠቀጥም። ለዚህ ነው እሱ ላይ ጀግና የሆነችው።

«እህሳ፣ የቱ ይሁን?» አለ ቡሽራ።

«የመጀመሪያው» አለች። ድምፅዋ ቀጥ ብሎ ሲወጣላት ራሷንም ገረማት። «ያኛው ሞተሩ አርጅቷል። ሳምንትም አይቆይም።»

የአላምረው እጅ አየር ላይ ቀረ። ሳምንቱን ሙሉ ራሱ እንደሞከረው፣ የተበላሸ ቢሆን ለኢልያስ ልጅ እንደማያቀርብ ቀስ ብሎ ተናገረ። ቡሽራ ግን የእህቱን ቃል የሚጠራጠር ሰው አይደለም። ፊቱ ጠቆረ።

«አያ አላምረው፣ ከእርስዎ አልጠበቅሁም» አለ።

አላምረው የሁለተኛውን መሪ ገመድ ከሶኬት ነቅሎ መጠቅለል ጀመረ። አንዴ ጠቀለለው፤ ልክ አልመጣ ሲለው ፈታውና እንደገና ጠቀለለው። ቡሽራ ስፕሪንጉን መሪ ካርቶን ውስጥ እየከተተ ነው።

ፈህሚያ የአላምረውን እጆች ታያለች። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ብትናገር ግን ቅዳሜ ሳይደርስ ማራኪ በሙሉ ይሰማል፤ ያቺ ነጂ የተባለችው መኪና ትፈራለች ይባላል። ሰውየው ገመዱን ለሦስተኛ ጊዜ ፈታው።

«ቡሽራ፣ ቆይ።» ወደ መሬት እያየች ነበር። «ሞተሩ ምንም አልሆነም። ዋሽቼ ነው። ፈርቼው ነው።»

ቡሽራ ሊቀልድ አፉን ከፈተ። ፊቷን ሲያይ ተወው።

«ሊማሊሞ?» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

ራሷን ነቀነቀች። ወደ አላምረው ዞራ ይቅርታ ጠየቀችው። ቡሽራ ካርቶኑን መሬት አስቀምጦ «እኔም አጥፍቻለሁ አያ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ።

አላምረው ገመዱን መልሶ ሶኬት ላይ ሰካው። ኮምፒዩተሩ ላይ አንድ ነገር ከፍቶ በማውሱ ጎተተና፣ የሞተሩ ጉልበት ከዚህ እንደሚጨመርና እንደሚቀነስ አሳያት። እሱ ራሱ በወጣትነቱ ጎርፍ ድልድይ ሲወስድ ካየ ወዲህ ድልድይ ሲሻገር ዓይኑን እንደሚጨፍን ነገራት። ይህን ሲል እንኳን አልሳቀም።

«ከመቶ አሥር ላይ አድርጌዋለሁ። አሁን እንደ ድመት ማጉረምረም ብቻ ነው። ካልፈለግሽ ግን ተዪው።»

ፈህሚያ እጆቿን ከሻርፗ ሥር አወጣች። ላብ አጥምቋቸዋል፤ በቀሚሷ ጠረገቻቸው። መሪውን ያዘች። ቀይዋ መኪና ተነሳች፤ ኮረቱ ላይ ስትወጣ መሪው መዳፏ ውስጥ ተርገበገበ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ አልለቀቀችውም። ሁለተኛው ላይ ለቀቀችው፤ መኪናዋ ሣር ገባች። መልሳ ወደ መንገዱ አወጣቻት። ሦስተኛው ኩርባ መጣ፤ መሪው ከበደ፣ ትንፋሿን ያዘች፣ አለፈች።

«አያ አላምረው» አለች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። ድምፅዋ አሁንም ይንቀጠቀጥ ነበር። «ሃያ ያድርጉልኝ።»