ከቦዮ የተመለሰ ድምፅ

ርብቃ ጠና ባሕር በዓይኗ አይታ አታውቅም። የምትሠራው ግን ለባሕር ተመራማሪዎች የሚሆን ዲጂታል ሶናር ነው፤ ወደ ውኃው ድምፅ ይልካል፣ ከታች ነጥሮ የሚመለሰውን ሰምቶ ጥልቀቱን ይናገራል። ይህን የሰማ የሆሳዕና ከተማ ሰው ሁሉ ሳቀባት።

ያልሳቀው ሶፎንያስ ብቻ ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮና ስልክ ይጠግናል። የተበጠሰች ሽቦ ልታስበይድ ገብታ፣ ሥራው አሥር ደቂቃ ቢሆንም ሱቁ እስኪዘጋ አልወጣችም። ከዚያ ወዲህ መሣሪያውን ግቢዋ ባለው የውኃ ሮቶ ውስጥ የሚሞክሩት አብረው ነው።

በዓመቱ ሶፎንያስ ሽማግሌ ላከ። አባቷ አቶ ጠና እንደ አማኝ ቤት ወግ «እንጸልይበት፤ ተመለሱ» አሉ። ሶፎንያስ ይህን የጨዋ እምቢታ አድርጎ ወሰደውና ሽማግሎቹን መልሶ አልላከም። ርብቃም ሐሳቡን የቀየረ መስሏት ውስጧ ተጎዳ። አንድ ወር ሙሉ ጎን ለጎን እየሠሩ ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

በዚህ መሀል አንድ የምርምር መርከብ መሣሪያውን ፈለገው። ርብቃ ሰኞ ይዛው ልትሄድ ነው፣ ለስምንት ወር። ቅዳሜ ለመጨረሻ ሙከራ ቦዮ ሐይቅ ወርደው ጀልባ ላይ ወጡ። የመሣሪያው ስክሪን ግን ባዶ ሆነ።

«ተበላሸ?» አለ ሶፎንያስ።

«ደህና ነው። የሚሰማበትን ጊዜ ለሮቶው እንዳስተካከልከው ትተኸዋል። ሐይቁ ከሮቶው ይልቅ ጥልቅ ነው፤ ድምፁ ሳይመለስ መስማቱን አቆመ።»

አስተካከለችው። ሁለት ሜትር ከሰማንያ አነበበ። መደሰት ሲገባት እንባዋ መጣ።

«አንተም እንደዚሁ ነህ» አለችው።

«ምን አደረግኩ?»

«ሽማግሌ ላክህ፤ መልሱን ሳትሰማ ጠፋህ።»

«እንጸልይበት አሉ እኮ! ለአንድ ጠጋኝ ፊት ለፊት እምቢ ማለት ከብዷቸው ነው ብዬ...»

«አባዬ እምቢ ለማለት ጸሎት አያስፈልገውም።»

ሶፎንያስ ቀና ብሎ አያት። ስትወደው እንደቆየች ያን ጊዜ ገባው፤ በራሱም አፈረ።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሽማግሎቹ ተመለሱ። አቶ ጠና በር ላይ ቆመው ጠበቋቸው።

«እኛ መልስ ካገኘን ሦስት ሳምንት አለፈን» አሉ። «እናንተ የት ጠፋችሁ?»

ሰኞ ጠዋት መናኸሪያው ውስጥ ርብቃ በአውቶቡሱ መስኮት እጇን ሰጠችው።

«ስምንት ወር ነው፣ ሶፊ።»

«ግድ የለም» አለ። «አሁን መጠበቅ አውቄያለሁ።»