ድርብ አምስት

የሀጀራ እጅ አሁንም አየር ላይ ነው።

ሰብሌ ጥርሷን ነከሰች። አጋሯ ሀጀራ የቀሯት ሁለት የዶሚኖ ጠጠሮች ብቻ ናቸው። ጣቷን ከአንደኛው ላይ አሳረፈች፤ በመደዳው ጫፍ ያለውን አምስት ትክ ብላ አየች፤ ከዚያ ያንን ትታ ሌላኛውን አነሳችና በወዲያኛው ጫፍ ገጠመችው። ሀጀራ ችኩል ናት። የሌላው ሰው ጠጠር ጠረጴዛው ላይ ሳይረጋ የእሷ ይከተላል። ዛሬ ግን ክፍል ሙሉ ተማሪ እያያት የበዓል በግ እንደሚመርጥ ሰው ቆየች።

ሰብሌ ገባት። ያናደዳትም የገባት ነገር ነው።

የመካነ ሰላም የዘጠነኛ ክፍሎች የዶሚኖ ውድድር ፍጻሜ ነው። የሚጫወቱት ጥንድ ለጥንድ ነው፤ ያሸነፈው ጥንድ ቅዳሜ በአጅባርና በኩታበር አድርጎ ደሴ ይሄዳል። ደሴ ደግሞ የሰብሌ እህት ብዙአየሁ አለች። ኮሌጅ ከገባች ወዲህ አልተያዩም፤ ዓመት ሊሞላ ነው። ሰብሌ ይህን ጉዞ ስታስብ ሰሞኑን ምግብ እንኳ አልበላላት ብሏል።

«ካሳ፣ ያንተ ተራ ነው» አሉ ዳኛው መምህር ፈንታሁን።

ካሳ ከተቃራኒው ጥንድ ነው። እሱም ሲገጥም ያኛው ጫፍ አንድ ሆነ፤ በእጁም እንደ ሀጀራ አንድ ጠጠር ብቻ ቀረው። ተራው የሰብሌ ሆነ።

ሰብሌ ሁለት ጠጠር ይዛለች። አንደኛው አምስቱን ይዘጋዋል፤ ሌላኛው በወዲያኛው ጫፍ ባለው አንድ ላይ ገብቶ አምስቱን ክፍት ይተወዋል። በእጇ ካለው ሌላ፣ ያልወጣው የአምስት ጠጠር በሁለቱም በኩል አምስት ያለበት ድርብ አምስት ብቻ ነው። የካሳ አጋር አሕመዲን ቅድም አምስቱ ክፍት ሆኖ «አለፍኩ» ስላለ እሱ ጋ የለም። ስለዚህ ወይ ሀጀራ ጋ ነው፣ ወይ ካሳ ጋ። አምስቱን ክፍት ብትተወው ድርብ አምስትን የያዘው ሰው የመጨረሻ ጠጠሩን ገጥሞ ያሸንፋል። ሀጀራ ባታመነታ ኖሮ ነገሩ ግምት ነበር። አሁን ግምት አይደለም።

መምህር ፈንታሁን በመጀመሪያው ቀን ነግረዋቸዋል። «አጋራችሁ ካመነታ እንዳላያችሁ ሁኑ። ሁለት መንገድ ካላችሁ እሱ ያላሳያችሁን ሂዱ። ማንም አይይዛችሁም፤ የምታውቁት እናንተው ናችሁ።»

ሰብሌን ይበልጥ ያቃጠላት ግን ሌላ ነው። ሀጀራ እጇን ከማንሳቷ በፊትም እሷ ራሷ አምስቱን ክፍት ልተወው ብላ አስባ ነበር። አስባ ነበር? ወይስ አሁን ነው ያሰበች የመሰላት? ለማስታወስ ሞከረች፤ አልቻለችም። የራሷን ሐሳብ ከሀጀራ ጣት መለየት አቃታት። ጠዋት «አደራ፣ ምንም ምልክት እንዳታሳዪኝ» ብላት ሀጀራም «ወላሂ አላሳይሽም» ብላ ነበር። በንዴት ጆሮዋ ጋለ።

«ሰብሌ፣ ጊዜሽ እያለቀ ነው» አሉ መምህሩ።

ሀጀራ ፈገግ ብላ ትጠብቃለች። ሥራዋን ጨርሳ እንደተቀመጠች ሁሉ ዘና ብላለች።

ሰብሌ አምስቱን ዘጋችው።

አሕመዲን ገጠመ። ሀጀራ «አለፍኩ» አለች፤ ድምፅዋ ደርቋል። ካሳ የመጨረሻ ጠጠሩን ጠረጴዛው ላይ ሲያጮኸው ክፍሉ በጭብጨባ ተሞላ። ሀጀራ የቀረቻትን ጠጠር ገልብጣ ወደ ሰብሌ ወረወረቻት። ድርብ አምስት ናት።

«ፋራ ነሽ እንዴ አንቺ? ያን ያህል ጊዜ እጄን እላዩ ላይ ያቆየሁት ለምን መሰለሽ? አላየሽም?»

ጭብጨባው ተቋረጠ። መምህር ፈንታሁን ከወረቀታቸው ቀና አሉ። ሀጀራ ምን እንደተናገረች ዘግይቶ ገባትና አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች።

«አየሁ» አለች ሰብሌ። «ስላየሁ ነው የዘጋሁት።»

ተነስታ ወጣች። ሀጀራ እስከ ግቢው በር ተከተለቻት።

«ደሴ እኔ ምን አለኝ? ለአንቺ ብዬ እኮ ነው። እህትሽን እንድታዪ ብዬ ነው።» ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

ይሄ ደግሞ ሰብሌን የባሰ አናደዳት። ሀጀራ ክፉ ብትሆን ይቀል ነበር።

«ለእኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ብዙአየሁ እንዴት አሸነፍሽ ብትለኝስ ምን ልላት ነበር? ንገሪኛ፣ ምን ልበላት?»

ሀጀራ አፈሩን በጫማዋ ጫረችው።

«ተጣላን ማለት ነው?» አለች በመጨረሻ።

«ዛሬ፣ አዎ» አለች ሰብሌ።

ፊቷን አዙራ ወደ ሰፈራቸው መንገድ ጀመረች። ንዴቷ አልበረደም፤ ወደኋላም አልዞረችም። ሀጀራ እንዳትደርስባት ብላ ግን አልፈጠነችም።